ኬክ ይዛችሁ አትምጡ

ተማሪዎቼን ወደ አረጋውያን ማዕከሉ ከመውሰዴ በፊት ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ኬክ ይዛችሁ አትምጡ። ፎቶም አናነሳም።

ኬክ ጠልቼ አይደለም። በዓል ሲደርስ ግቢው በእንግዳ ይሞላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ መኪና ተከታትሎ ይገባል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ይዘፈናል። እናቶችና አባቶች ደስ ይላቸዋል፤ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። መልካም ነው፣ ይቀጥል። ተማሪ ግን በእንግዳ ወግ ከገባ አይማርም። እንግዳ ይመረቃል እንጂ ችግር አይነገረውም። ጉልበታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛቸው ያደሩ አባት፣ እንግዳ ሲጠይቃቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ነው የሚሉት። እውነቱን የሚያወጡት ደጋግሞ ለመጣ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ለቆየ ሰው ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የጤና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ማዕከሉ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው። ነዋሪዎቹ እንዲታወቁ ስለማልፈልግ ስሙን አልጠቅስም፤ አንዳንድ ነገራቸውንም ቀይሬ ነው የምጽፈው። ከሕክምና፣ ከነርሲንግና ከፋርማሲ የመጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ አረጋዊ ይይዛሉ። ሴሚስተሩን ሙሉ የሚከታተሉት ያንኑ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ እንሄዳለን።

"ለምን ሆስፒታል አይበቃም?" የሚሉኝ አሉ። ሆስፒታልማ እንወዳለን፤ ትልቁን ነገር የተማርነው እዚያ ነው። ነገር ግን በራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ሕሙማን ሲያዩ፣ ማን ፊት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን ካርዱን ይዞ ከኋላ እንደሚከተል ተማሪው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። የሕክምናው ተማሪ ይጠየቃል። የነርሲንጓ ተማሪ ግፊት ለክታ ቁጥሩን ትናገራለች። የፋርማሲው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ቤት መስኮት ውስጥ ነው። ሦስቱ ለዓመታት አንድ ግቢ ውስጥ ተምረው ስለ አንድ ሕመምተኛ ሳይነጋገሩ ይመረቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2010 ያወጣው ማዕቀፍ፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አንዱ ስለ ሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ አንዱም ከሌላው ጋር እንዲማሩ ይላል። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ አንድ ኮርስ መስጠት። ይህ ቡድን አይፈጥርም። ቡድን የሚፈጥረው ማንም ብቻውን የማይፈታው ችግር ነው። ያ ችግር ደግሞ አረጋውያን ዘንድ በሽ ነው።

አንድ አባት ልንገራችሁ። በወጣትነታቸው ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው። ከዘጌ ወዲህ ያለውን ዳርቻ በቃላቸው ያውቁታል። እጃቸው ዛሬም ሰፊ ነው። ተማሪዎቹ ሲረከቧቸው ማዕከሉ የነገራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ "አባባ ይወድቃሉ።" ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አለ። የግራ እጅ አንጓቸው አንዴ ተሰብሮ በወጌሻ ታሽቷል።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሁሉም በየሙያው ሮጠ። የሕክምናው ተማሪ ልብና ነርቭ መረመረ። የነርሲንጓ ተማሪ ቁስል ፈለገች። የፋርማሲው ልጅ "አባባ፣ መድኃኒትዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?" አላቸው። እሳቸውም ከትራሳቸው ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል አወጡ።

ያንን ፌስታል ባያችሁት። ልጁ አልጋው ላይ ዘረገፈው። ግማሹ ክኒን ከነፖስታው ነው፤ የፖስታው ጽሕፈት በላብ ጠፍቷል። ግማሹ በመቀስ የተቆረጠ ፕላስቲክ ነው፣ ስሙ የለም። ለግፊት የተሰጠ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ለእግር ማቃጠል ተብሎ ሌላ ጊዜ የተሰጠ አሚትሪፕቲሊን። ለጉልበት ከግል መድኃኒት ቤት የተገዛ ዳይክሎፌናክ። ጊዜው ያለፈበት አንቲባዮቲክ ሦስት ፍሬ፣ "ለክፉ ቀን" ብለው ያስቀመጡት። ልጁ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ለየው። ከዚያ "የትኛውን መቼ ነው የሚውጡት?" አላቸው። "ሁሉንም ማታ ነው ልጄ፤ ራት በልቼ፣ እንዳልረሳው።"

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው። ማታ ከተዋጠ ሌሊት ያስነሳል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ያደነዝዛል፣ ሰው ድንገት ሲቆምም ግፊቱን ያወርዳል። ሐኪሙ ማርክ ቢርስ በፈረንጆቹ 1991 ለአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች የማይመቹ መድኃኒቶችን ዝርዝር አውጥቶ ነበር፤ ዝርዝሩ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፣ አሚትሪፕቲሊንም አለበት። የፋርማሲው ልጅ ይህን በክፍል ተምሮታል። ሰው ላይ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

የሕክምናው ተማሪ ይህን ሲሰማ ግፊቱን እንደገና ለካ። አሁን ግን ተኝተው፣ ቀጥሎም ቆመው። ሲተኙ 138 የነበረው ሲቆሙ 112 ሆነ። ከቆሙ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የነርሲንጓ ተማሪ ወለሉ ላይ ሦስት ሜትር በጠመኔ አሰመረች። ከወንበር ተነስቶ፣ እስከ መስመሩ ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የወሰደበት ሰው የመውደቅ ሥጋት አለበት ይባላል። አባባ ከሃያ በላይ ወሰደባቸው። ሲዞሩ ደግሞ ነጠላ ጫማቸው ወልቆ ቀረ።

እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ሦስቱም ተደስተዋል፣ መልሱን ያገኙ መስሏቸዋል። ያላገኙትን ያመጣችው ሌላ ሰው ናት።

ማታ ማታ እዚያ ክፍል የምታድር ተንከባካቢ አለች። ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ተማሪዎቹ ሲገቡ ተነስታ ወንበር ትሰጣቸዋለች፣ እሷ በር ላይ ትቆማለች። እንድትቀመጥ ጠየቅኋትና የነርሲንጓ ተማሪ "አባባ የሚወድቁት መቼ መቼ ነው?" አለቻት። "ሌሊት ነው እህቴ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ሽንት ቤት ሲሄዱ። ጥሩኝ እላቸዋለሁ፣ አይጠሩኝም። ሴት ልጅ ጠርቼ ሽንት ቤት አልሄድም ነው የሚሉት።"

አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተማሪዎቹ ክኒኑን አስተካክለው፣ ጫማ ገዝተው፣ ከዘራ አምጥተው ቢሆን ኖሮ እኒህ ሰው በጨለማ ብቻቸውን መነሳታቸው አይቀርም ነበር። ምክንያቱ ክብራቸው ነው። ክብር ካርድ ላይ አይጻፍም፤ የምታውቀው አብራቸው የምታድረው ናት።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ የተጀመረው። የሕክምናው ተማሪ ፖፖ ይቀመጥላቸው አለ፤ አባባ እምቢ አሉ። የነርሲንጓ ተማሪ ክዳን ያለው የሽንት ዕቃ ከአልጋው ሥር፣ መጋረጃም ከአልጋው ጎን ብትል እሺ አሉ። ጠዋት የሚደፋው ወንድ ሠራተኛ እንዲሆን ተንከባካቢዋ ራሷ ከኃላፊዋ ጋር ተነጋገረች። የግፊት ክኒኑ ወደ ጠዋት ዞረ። የአሚትሪፕቲሊኑንና የዳይክሎፌናኩን ነገር ተማሪዎቹ በጋራ ጽፈው ለሐኪም ላኩ፤ ሐኪሙ አይቶ ሁለቱንም አስቆመ፣ ለጉልበታቸውም ፓራሲታሞል ሰጠ። ኮሪደሩ ላይ አምፖል ተለወጠ። ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ተገዛ። አባባ ከዚያ ወዲህ አልወደቁም አልልም፤ አንድ ጊዜ በቀን ግቢ ውስጥ ተደናቅፈዋል። የሌሊቱ ግን ቆመ።

ይህ ሐሳብ የእኔ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ማርጀሪ ዋረን የምትባል ሐኪም ነበረች። በፈረንጆቹ 1935 የምትሠራበት ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል አጠገቡ ያለውን የድሆች መጠለያ ሕሙማን ማቆያ ተረከበ። 714 ሕሙማን ነበሩበት፤ ብዙዎቹ ዓመታት አልጋ ላይ የቆዩ፣ አይድኑም ተብለው የተተዉ አረጋውያን። አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ከነርሶች፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር ሆና አስነሳቻቸው፣ አራመደቻቸው። ብዙዎቹ ቤታቸው ተመለሱ። የአረጋውያን ሕክምና እንደ ሙያ ሲነሳ ስሟ ቀድሞ የሚጠራው ለዚህ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን የምነግራቸው "አርጅተው ነው" የሚለውን መልስ ከአፋቸው ለማውጣት ነው። እርጅና ምርመራ አይደለም። አርጅተው ነው ካልን ፌስታሉን ማን ይዘረግፈዋል?

ሁለተኛውን ታሪክ ደግሞ ስሙ። እማሆይ ናቸው። ቆባቸውን ከደፉ ቆይተዋል። ስኳር አለባቸው፣ ግሊቤንክላማይድ ይውጣሉ። ፍልሰታ ነበር፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው። እማሆይ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ጠዋት ክኒናቸውን በጸበል ውጠው ለጸሎት ይቀመጣሉ። በዚያ ሐሙስ ተማሪዎቹ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። እማሆይ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ዳዊቱን ገልብጠው ይዘውታል፤ የነርሲንጓን ተማሪ በሞተች እህታቸው ስም ጠሯት። ጎረቤት አልጋ ያሉት እናት "ተዉአቸው፣ ጾሙ ነው፣ ይመለሳሉ" አሉ።

የነርሲንጓ ተማሪ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች። 52። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። ይህ መድኃኒት ሰውየው በላም አልበላም ቆሽቱን ኢንሱሊን አውጣ ይለዋል። ስኳር በጥብጣ ብትሰጣቸው እማሆይ ጥርሳቸውን ገጠሙ። "ጾም ነው!" የሕክምናው ተማሪ ሊለምናቸው ሞከረ። ልመናው አልሠራም። ተንከባካቢዋ ምንም ሳትል ስልኳን አወጣችና የነፍስ አባታቸው ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ቄሱ አጭር ነገር ነው የተናገሩት። ለታመመ ተፈቅዷል፣ ይጠጡ፣ እኔ ይዤዋለሁ። እማሆይ አማተቡና ጠጡ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው፣ 15 ግራም ያህል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለካ፣ ከፍ አለ። ከዚያ ምግብ። ግሊቤንክላማይድ ቶሎ የማይለቅ መድኃኒት ስለሆነ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ሆስፒታል ወስደን አስጠበቅናቸው።

በኋላ ሐኪሙ ኩላሊታቸውን አስመርምሮ መድኃኒቱን ወደ ሜትፎርሚን ቀየረላቸው። የነፍስ አባታቸው ደግሞ አንድ ሐሙስ ተጋብዘው መጡ፤ ተማሪዎቹ ስለ ስኳር አስረዷቸው። ጥሉላቱን እየጾሙ ሰዓቱን እንዲተዉ ወሰኑላቸው። ተማሪዎቹ ለእማሆይ በጻፉት የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ የቄሱም ስም አለ። ማንኛውም የቡድን ሥራ መማሪያ ይህን በስሙ አይጽፍላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ ግን ጿሚ እናት የምትታከም ከሆነ የነፍስ አባቷ የሕክምና ቡድኑ አባል ነው። ሙስሊም አባት በረመዳን ከሆነም ኢማሙ።

ስለ ዕቅዱ ልበል። አንድ ገጽ ነው። በአማርኛ ይጻፋል። ከላይ የሚቀመጠው የበሽታ ስም ሳይሆን አረጋዊው የሚፈልገው ነገር ነው። "ምን ቢሆንልዎት ደስ ይልዎታል?" ብለው ይጠይቃሉ። የአባባ "ማንንም ሳልጠራ ሽንት ቤት መሄድ" ይላል። የእማሆይ "ጊዮርጊስ ሄጄ አንድ ቅዳሴ ቆሜ ማስቀደስ።" ከዚያ ሥር ማን ምን እንደሚሠራ ይጻፋል። ዕቅዱ ለአረጋዊው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ተንከባካቢዋም ትሰማና "ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም" ትላለች። "አይሆንም" ካለች ዕቅዱ ተመልሶ ይሠራል። ይህን ያመጣነው በምክንያት ነው። አንድ ቡድን "በየሁለት ሰዓቱ አልጋ ላይ ይገላበጡ" ብሎ ጽፎ ነበር፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ። መጽሐፉ እንዲያ ይላል። ተንከባካቢዋ ሰማችና "ሌሊት ብቻዬን ነኝ። ስንቱን ላገላብጥ?" አለች። ልጆቹ ዝም አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የአልጋ ቁስል ሥጋትን የሚለካውን የብሬደን መመዘኛ ይዘው መጡ። ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ስሜት፣ እርጥበት፣ እንቅስቃሴ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ መቻል፣ አመጋገብና የቆዳ መፋተግ። ነጥቡ ዝቅ ሲል ሥጋቱ ይጨምራል። ክፍሉን በሙሉ መዘኑና በእርግጥ ሌሊት መገላበጥ ያለባቸውን ለዩ። ጥቂት ሆኑ። ተንከባካቢዋ "ይሄ ይሆናል" አለች። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው የቡድን ስብሰባዎች የምወደው ያንን ነው።

ስልክ አደዋወልም እናስተምራለን፣ ለተማሪውም ለተንከባካቢውም አብረን። ቅደም ተከተሉ ኤስባር ይባላል። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ወደ ሕክምና የገባው በኋላ ነው። አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ። ተንከባካቢዎቹን የከበዳቸው ሦስተኛው ነበር። "እኔ ምን አውቄ?" ይላሉ። ሲለማመዱ ግን ያውቃሉ። አንዷ ደውላ "ትናንት ደህና የነበሩት እማማ ዛሬ ጧት ጀምሮ ይቀባዥራሉ፣ ሽንታቸው ይሸታል፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ይመስለኛል፣ ዛሬውኑ ይታዩ" ስትል ሰምቼ በኩራት ነው የተቀመጥኩት።

የሚያስቸግረው ብዙ ነው። የሦስት ትምህርት ክፍል ፕሮግራም አንድ ሐሙስ ላይ ማገናኘት ራሱ ጣጣ ነው። ውጤት አሰጣጡም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ወረቀት ይፈልጋል። አንዳንድ ሳምንት ከተማው ጭር ይላል፣ ባጃጅ አይኖርም፣ እንቀራለን። ያኔ አረጋውያኑ በር በር ሲያዩ እንደሚውሉ ተንከባካቢዋ ትነግረኛለች። ስለዚህ መምጣት ካልቻልን እንደውላለን፤ ለማዕከሉ ሳይሆን ለአባባ፣ ለእማሆይ። ሴሚስተሩ ሲያልቅም ተማሪው ቀድሞ ይናገራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚተካውን ይዞ መጥቶ ያስተዋውቃል። ድንገት መጥፋት ክልክል ነው። ልጆቻቸው የጠፉባቸው ሰዎች ናቸው።

አዲሱ ቡድን ከጥምቀት በኋላ ይገባል። አሁን የሚጎድለን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። እማሆይ ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆም ይፈልጋሉ፤ መቋሚያቸውን ይዘው የሚችሉት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ተማሪዎቹ ከወንበር ተነስቶ መቀመጥን በየቀኑ ያለማምዷቸዋል፣ ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጨመር በሙያው የሚመራን ሰው ያስፈልገናል። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ሐሙስ ከሰዓት ሁለት ሰዓት መስጠት የምትችሉ ባለሙያዎች ካላችሁ ጻፉልኝ። ባጃጁን እኔ እችላለሁ።